ጋፋትኛ በዙፋኑ ፊት

ከቡሬ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፣ በበዓለ ጰራቅሊጦስ ዕለት፣ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ጠበሉን ጠጥቶና የቄሱን መስቀል ተሳልሞ ከተበተነ በኋላ፣ ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ከሸመገሉ አንድ የቅኔ መምህር ጋር ከዋርካ ሥር ተቀምጠን ሳለ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ያ ጥያቄ እነሆ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ዲያቆኑ በጧት ከግብረ ሐዋርያት የመንፈስ ቅዱስን መውረድ የሚተርከውን ክፍል በግዕዝ አንብቦት ነበር፤ ቄሱም በአማርኛ ሲያትቱት፣ ከየአገሩ ወደ ኢየሩሳሌም መጥተው የነበሩት ሰዎች እያንዳንዳቸው የእግዚአብሔርን ሥራ በተወለዱበት ልሳን እንደ ሰሙ፣ ሊቃውንትም በዚያች ሰዓት ለሐዋርያት የተገለጠላቸውን ቋንቋ 72 አድርገው እንደሚቈጥሩት ነገሩን። እኔም ይህን በልቤ እያመላለስሁ፣ «የኔታ፣ ይህ የተቀመጥንበት ምድር ቀድሞ ጋፋትኛ የሚነገርበት ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያ ቋንቋ ውኃ አምጡልኝ የሚል አንድ ሰው አይገኝም፤ ታዲያ ዮሐንስ በራእዩ ከነገድ ሁሉና ከልሳን ሁሉ ተሰብስበው በዙፋኑ ፊት ቆመው ካያቸው መካከል ጋፋትኛ የሚናገር ይኖር ይሆን?» ስል ጠየቅኋቸው።

የኔታ በጭራቸው ዝንቡን ወዲያና ወዲህ እያሉ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «አየህ ልጄ፣ ልሳን ልብስ ነው፤ ልብስ ቢያልቅ ሌላ ይለበሳል እንጂ ለባሹ ዐብሮ አያልቅም» አሉኝ። መልሱ ላይ ላዩን ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከምሥጢረ ሥላሴ ትምህርት የወጣ ነው። ሊቃውንቶቻችን የሥላሴን ነገር በነፍስ ምሳሌ ሲያስረዱ፣ ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ይላሉ፤ ልብ አላት፣ ቃል አላት፣ ሕይወት አላት፤ ሦስት መሆኗ ግን ሦስት ነፍስ አያሰኛትም። እንግዲህ ነባቢነት፣ ይኸውም መናገር መቻል፣ ከፈጣሪ የተሰጠ የነፍስ ባሕርይ ነው፤ ያንን ነባቢነት በጋፋትኛ ወይም በአማርኛ ወይም በአገውኛ መግለጥ ግን ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ፣ ከጎረቤትም የሚለመድ የሥጋ ነገር ነው። የኔታ እንደሚሉት ከሆነ የጋፋት ሕዝብ ምንም አልጎደለበትም፤ ነባቢነቱን ይዞ ልብሱን ለወጠ፤ የልጅ ልጆቹም ዛሬ በቡሬና በወምበርማ፣ በጃቢ ጠህናንና በደጋ ዳሞት ያርሳሉ፣ ይሟገታሉ፣ ይጸልያሉ፣ ደኅና ጆሮ ያለውም ቅኔ ይቀኛል።

ለጊዜው የምመልሰው ቃል አጣሁና እጅ ነሥቼ ተነሣሁ።

በማግስቱ ወደ ፍኖተ ሰላም ስሄድ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር የሚጀምርባትን ማንኩሳን ዐልፌ፣ የመንገዱን ዳር አገር ስም አንድ በአንድ በአፌ እያላመጥሁ ተጓዝሁ። የቦታ ስም የጠፋ ልሳን መቃብር ነው የሚል ሐሳብ ያን ጊዜ መጣልኝ፤ ዳሩ ግን ሁሉም ስም እንደዚያ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ራሷን እንውሰድ፤ የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበረ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ገብተው፣ ጣሊያን ቡሬንና ደምበጫን ለቆ በሸሸበት በዚያው ዘመቻ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፉ፣ ለመንገዳቸው መታሰቢያ ይህን የግዕዝ ስም ሰጧት። ስለዚህ ከተማይቱ የምትጠራው በቤቷ ማንም በማይናገረው ቋንቋ ነው። ገበያተኛው፣ ሹፌሩ፣ ትኬት ቈራጩ በቀን ሺሕ ጊዜ ግዕዝ ይናገራል፤ ግዕዝ እየተናገረ እንደ ሆነ ግን ልብ አይለውም። ወጀት ማለት በምን ቋንቋ ምን ማለት እንደ ነበረ ደግሞ የሚጠይቅ የለም።

የጎጃም ሰው አገሩን ሲያስብ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ወንዙ ነው። ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ ከጣና ሲወጣም ምሥራቁንና ደቡቡን ዞሮ ወደ ምዕራብ ስለሚታጠፍ፣ የተወለደበትን ምንጭ ራሱን ከቦ፣ አገሩን እንደ ደሴት አድርጎ ያስቀምጠዋል። ቤተ ክርስቲያንም ከገነት የወጣው ግዮን ይህ ነው ብላ ስለምታስተምር፣ ጎጃሜው በወንዝ የታጠረ ብቻ ሳይሆን በመጽሐፍም የታጠረ ሆኖ ይሰማዋል። ይህ አጥር ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሰው ያላለፈበት አጥር አይደለም፤ ለዚህም ምስክሩ ዳሞት የሚለው ስም ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ንጉሡን ሞተለሚን አጠመቁበት ተብሎ በገድላቸው የሚነገረው ዳሞት፣ ንጉሥ ዓምደ ጽዮንም በ14ኛው መቶ ዓመት ዘምቶ ያስገበረው ዳሞት፣ ከዓባይ ወዲያ በደቡብ በኩል የነበረ አገር ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት፣ ኦሮሞ ወደ ሰሜን በተስፋፋበት ዘመን፣ ከዚያ ወገን ብዙ ሰው ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ገባ፤ ሲሻገርም ከብቱንና ታቦቱን ብቻ ሳይሆን የአገሩን ስም ጭምር ተሸክሞ ተሻገረ። ዛሬ ደጋ ዳሞት፣ ቡሬ ዳሞት ስንል የምንጠራው ያንን ከወዲያ ማዶ የመጣውን ስም ነው። አገር ከሥፍራው ተነሥቶ መሄድ ከቻለ፣ ማንነትን በአፈርና በድንበር ብቻ የሚለኩ ሰዎች ወደ ዳሞት መጥተው ጥቂት ቢያስቡ መልካም ነበር።

ከዚያ ማዶ ከመጡት አንዱ ጋፋት ነው። ጋፋት ሲባል የዘመናችን ሰው ትዝ የሚለው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በፈረንጅ አንጥረኞች እጅ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ያለው መንደር ነው፤ ሕዝቡና ቋንቋው ከመድፉ ጥላ ሥር ተቀብረው ቀርተዋል። ጋፋትኛ ከሴም ቋንቋዎች አንዱ ነበረ፤ የቋንቋ ሊቃውንት እንደ መረመሩት ከአማርኛ ይልቅ ከጉራጌዎቹ ለክስታንኛ ይቀርባል። ይህ ማለት በዳሞት ደጋ ላይ ሲነገር የነበረ አንድ አንደበት፣ የቅርብ ዘመዱን ለማግኘት ዓባይንና አዋሽን ተሻግሮ እስከ ጉራጌ አገር መሄድ ነበረበት ማለት ነው።

እንዴት ጠፋ ብሎ ለሚጠይቅ፣ ሰይፍ አጠፋው ማለት አይቻልም። ሕዝቡ አለ። የዳሞት ገበሬ እስከ 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ ርስቱን ሲከራከር የሚጠራው አቅኚ አባቱን ነበር፤ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት በሰፊው ጽፎታል። ሰውየው በአባቱም በእናቱም በኩል እየቈጠረ፣ ሰባትና ስምንት ትውልድ ወደ ኋላ እየወጣ፣ መሬቱን መጀመሪያ ወዳቀናው አባት ከደረሰ የርስቱ ተካፋይ ይሆናል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ትዝታ የያዘውና የጣለው ነገር ነው። የአቅኚውን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ የከፈላቸውን መደብ፣ የተጣሉበትን ፈፋ ሁሉ ያስታውሳል፤ አቅኚው ልጆቹን ወደ እራት ሲጠራ በምን አፍ ይጠራቸው እንደ ነበረ ግን አንድም ዳኛ አልጠየቀም፤ አንድም ተከራካሪ አላነሣም። ደሙ ርስት ያስገኛል፤ ልሳኑ ምንም አያስገኝም። ምንም የማያስገኝ ነገር ደግሞ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ በመንገድ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ያለ ጩኸት ነው።

ቄሱ ቀድሶ የሚያጠምቀው በግዕዝ ነበር፤ የሚያናዝዘው፣ የሚመክረው፣ ሙሾውም የሚወርደው፣ ዳኛውም የሚፈርደው ከጊዜ ወደ ጊዜ በአማርኛ እየሆነ ሄደ። ማንም ክፉ አላሰበም ብዬ አምናለሁ። የጋፋት እናት ልጇ ከቄስ ዘንድ እንዲያድር፣ ከጭቃ ሹም ፊት እንዳያፍር ስትል አማርኛ አስተማረችው፤ እርሱም ለልጁ አማርኛ ብቻ ሰጠው። በ1840ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ አቈጣጠር፣ ቻርልስ ቤክ የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ በጎጃም ተቀምጦ የጋፋትኛ ቃላት ሲለቅም፣ ወጣቶቹ ቋንቋውን ጨርሶ እንደማያውቁት፣ እናውቃለን የሚሉት ሽማግሎችም ይደናገሩበት እንደ ነበረ ታዝቦ ጽፏል። ከዚያም አንድ መቶ ዓመት ዐለፈ። በፈረንጆች 1947 ወልፍ ሌስላው መጣ። ይህ ሰው በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን፣ በጦርነቱ ጊዜ በፈረንሳይ በማጎሪያ ታስሮ፣ በ1942 ወደ አሜሪካ ያመለጠ ነው፤ የራሱ ወገን ከነልሳኑ በእሳት ባለቀ በሁለተኛው ዓመት፣ የሌላ ሕዝብ ልሳን ሲጠፋ ለመድረስ ጎጃም ድረስ መምጣቱን ሳስብ የሰው ልጅ ሐዘን መንገዱ ረጅም እንደ ሆነ ይገባኛል። ብዙ ደክሞ ጋፋትኛ የሚችሉ አራት ሰዎች አገኘ። አራት! በአንድ ማሕበር ላይ የሚቀመጥ ሰው እንኳ ከዚያ ይበዛል። ከእነርሱ ቃል የቀዳውን ሰዋስው በ1956 አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ ጋፋትኛ የአፍ ነገር መሆኑ ቀርቶ የመጽሐፍ ነገር ሆነ።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ እንመለስ። ግዕዝም ከሕዝብ አፍ ከወጣ ወደ አንድ ሺሕ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ቋንቋ የሚኖረው በሚናገሩት ሰዎች ቍጥር ቢሆን ኖሮ ግዕዝ ከጋፋትኛ እጅግ ቀድሞ ይሞት ነበር። ነገር ግን ዛሬም በዋሸራና በጎንጅ ወግ በተተከለ ቅኔ ቤት፣ ደበሎ የለበሰ የቆሎ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ዘአምላኪየን፣ ሚ በዝኁን፣ ዋዜማን እያለ እስከ መወድስ ድረስ በየቀኑ አዲስ ግዕዝ ይፈጥራል፤ ትላንት ያልነበረ ዐረፍተ ነገር ዛሬ ማለዳ ይወለዳል። በግብፅ ያሉት ወንድሞቻችን ቅብጦችም በቤታቸው ዐረብኛ እየተናገሩ በመቅደሳቸው ግን ቅብጥኛቸውን አልጣሉም። እንግዲህ ግዕዝንና ቅብጥኛን ያቆመ፣ ጋፋትኛ ደግሞ ያጣው ነገር አንድ ነው፤ ሰው ይጸልይበታል ወይስ አይጸልይበትም። ግዕዝ በእንጀራ ገበያ ከተሸነፈ በኋላ በመሠዊያ ፊት ተጠለለ፤ ጋፋትኛ ግን በጓዳና በማሳ ብቻ ስለ ነበረ ጓዳውና ማሳው በተለወጠ ጊዜ የሚጠጋበት አጣ።

በዚህ ላይ ስለ ግዕዝ አንድ ምስጋና ሳልናገር አላልፍም። ከኮሶ በር ወይም ከዳንግላ በኩል የሚመጣው የአገው ልጅ፣ ከደብረ ኤልያስ የመጣው ዐማራ፣ አባቱ ጋፋት ነበረ የሚባለው የዳሞት ልጅ፣ ሦስቱም በየኔታ ፊት ሲቀመጡ ግዕዝ የአንዳቸውም የእናት ቋንቋ አይደለም። በግዕዝ ፊት ሁሉም እንግዳ ስለ ሆነ ማንም በቋንቋው አይዋረድም፤ ቅኔው ከተሳካ ዘራፊው ማን ነው ይባላል እንጂ አያቱ በምን ይናገሩ ነበር አይባልም። የጎጃም ስም በአገሩ ሁሉ የታወቀው በዚህ ጉባኤ ነው፤ የዋህ የሆነው ሰውም ደብተራውን እየፈራ ጎጃሜን ሁሉ አስማተኛ እስከ ማለት ሄዷል፤ በድሮ ዘመንም ጎጃም ከጎረቤቱ የተለየበት ትልቁ ክርክር በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪታገድ ድረስ የቅባት ትምህርት ነበረ እንጂ ስለ አነጋገር አልነበረም። ይህን ሁሉ ስናይ፣ የጎጃም ሰው ማንነቱን የሠራው ከወንዙ፣ ከርስቱና ከጉባኤው ነው፤ ልሳንን እንደ ትርፍ ነገር ስለ ቈጠረው በቤቱ አንድ ልሳን ሲያልቅ አላለቀሰም።

ይህን በተቃራኒው ያደረጉ ሕዝቦች አሉ። በህንድ አገር በምሥራቁ የባሕር ጠረፍ፣ ኦዲያ የሚባሉ ሕዝብ ይኖራሉ፤ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርበት አገራቸው ዛሬ ኦዲሻ ይባላል። ፊደላቸው ክብ ክብ ነው፤ የሚጽፉት በዘንባባ ቅጠል ላይ በሹል ብረት እየጫሩ ስለ ነበረ፣ ቀጥ ያለ መስመር ቅጠሉን እንዳይሰነጥቀው ሲሉ ፊደሉን አጎበጡት ይባላል፤ የኛ ፊደል በብራና ላይ በመቃ ብዕር ስለ ተጻፈ ቀጥ ብሎ መቆም አላስፈራውም። በፈረንጅ 1870 አንድ የቤንጋል መምህር፣ ኦዲያ ራሱን የቻለ ቋንቋ አይደለም ብሎ መጽሐፍ አሳተመ፤ የእነዚህ ሰዎች ምላሽ ትዝብት ብቻ አልነበረም፤ ጸሐፊዎቻቸው ተነሡ፣ ማተሚያ ቤት አቆሙ፣ ማኅበር መሠረቱ፣ በየአውራጃው ተበትነው የነበሩት ኦዲያ ተናጋሪዎች በአንድ ግዛት እንዲጠቃለሉ ከስድሳ ዓመት በላይ ተሟገቱ። በመጨረሻ በሚያዝያ 1 ቀን 1936፣ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን፣ በቋንቋ መሠረት የቆመ የመጀመሪያው የህንድ ጠቅላይ ግዛት ሆኑ። ያ ቀን በእኛ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የማይጨው ጦርነት በዋለ በማግስቱ። እነርሱ ስማቸውን አግኝተው ሲዘፍኑ እኛ ሬሳችንን እየቈጠርን ነበር።

ዳሩ ግን የኦዲያን ቋንቋ ያቆመው ሙግቱ ብቻ እንዳይመስለን። ሙግቱ ከመጀመሩ ሦስት መቶ ዓመት በፊት፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ ጃጋናት ዳስ የሚባል መነኩሴ ከሳንስክሪት፣ ይኸውም ከእነርሱ ግዕዝ፣ ባጋባታ የተባለውን ቅዱስ መጽሐፋቸውን ወደ ገበሬው ቋንቋ መለሰው፤ ይህንም ያደረገው እናቱ ሳንስክሪቱን መስማት ስላልቻለች ለእርሷ ብሎ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ ለመጽሐፉ ብቻ የተለየች ጎጆ እየተሠራች፣ ሲመሽ ገበሬው እጁን ታጥቦ እየመጣ በገዛ አፉ ሲነበብለት ይሰማ ጀመር። የቤንጋሉ መምህር ቋንቋ አይደለም ባለ ጊዜ መልሱ በየጎጆው ተዘጋጅቶ ነበር። (ፍትሕ እንዳናጓድል፣ በዚያው አገር እንደ ሳንታሊ ያሉ የጥንት ነገዶች ቋንቋዎች ከኦዲያ ጥላ ሥር ኖረዋል፤ ትላንት የተገፋ ነገ ሳያውቀው ይገፋል።)

ሌላም ነገር አላቸው፤ ይህን የምናገረው በአምልኮታቸው ለመማረክ አይደለም፤ ምሳሌ ስለ ሆነልኝ ነው። በፑሪ ከተማ ባለው ታላቅ መቅደሳቸው የጃጋናት ምስል ከእንጨት የተሠራ ስለ ሆነ ያረጃል፤ ስለዚህ በአሥራ ሁለት ወይም በአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በቅርቡም በፈረንጆች 1996 እና 2015፣ አዲስ ግንድ ተፈልጎ አዲስ ምስል ይጠረባል። በውስጡ ያለውንም ማንም አይቶት የማያውቅ አንድ ነገር፣ ካህናቱ በሌሊት፣ የከተማው መብራት ጠፍቶ፣ ዐይናቸውንና እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከአሮጌው አውጥተው ወደ ዐዲሱ ያዛውሩታል፤ አሮጌውን እንደ ሰው አልቅሰው ይቀብሩታል። የኔታ ይህን ቢሰሙ «እኔስ ምን አልሁህ?» ይሉ ነበር፤ አካሉ ተለወጠ፣ ውስጡ ተላለፈ። እኔ ግን ልብ ያልሁት ለቅሶውን ነው። አሮጌው አካል ከንቱ ልብስ ቢሆን ኖሮ ማንም አያለቅስለትም ነበር። ለጋፋትኛ ግን ያለቀሰለት የለም፤ ከወጣበትም ወደ ገባበት የተላለፈ ምን እንደ ሆነ ያየ የለም።

ጋፋትኛ በአንድ ወቅት ከመጽሐፍ ቅዱስ ደጃፍ ደርሶ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 በፈረንጅ ወደ ጎንደር መጥቶ፣ በኅዳር ወር የግሽን ምንጭ አይቶ፣ በአገሩ የሚነገሩትን ልሳናት ለማነጻጸር መኃልየ መኃልይን በልዩ ልዩ ቋንቋ አስተረጐመ፤ ከእነዚህ አንዱ ጋፋትኛ ነው። ስምንቱ ምዕራፎች በፊደላችን ተጽፈው ከብሩስ ብራናዎች ጋር ባሕር ተሻገሩ፤ ዛሬ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የጋፋት ልሳን ከመጽሐፍ ቅዱስ ያገኘው ድርሻ ይህ ነው፤ የፍቅር መዝሙር፣ ለዚያውም ለእንግዳ ሰው ጥናት ተብሎ የተጻፈ፣ በቅዳሴ የማይሰማ፣ በማኅሌት የማይዜም፣ የጋፋት እናት በጆሮዋ ያልሰማችው።

በዚያው ዘመን በጎንደር ከብሩስ ጋር ተገናኝቶ ነበር የሚባል አንድ የጎጃም ሰው አለ፤ ፈረንጆች አቡ ሩሚ ይሉታል። ይህ ሰው ከአገሩ ወጥቶ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ፣ በሶርያና በፋርስ ዞሮ፣ እስከ ህንድ ደርሶ በካልካታ ከሰር ዊልያም ጆንስ ቤት እንደ ተቀመጠ ይተረካል፤ ካልካታ ከኦዲያዎች አገር ሩቅ አይደለችምና የዘንባባውን ቅጠል መጽሐፍ አይቶ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። በመጨረሻ በካይሮ ታሞ ወድቆ ሳለ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል የነበረው አስላን አነሣው፤ ከዚያም ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ በየማክሰኞውና በየቅዳሜው በሩን ዘግተው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ወደ አማርኛ መለሱት። በገዛ እጁ የጻፈው 9,539 ገጽ ነው። እርሱ በፈረንጅ 1819 በወረርሽኝ ሞተ፤ ሥራው ግን ታርሞ በ1840 ሙሉው ታተመ። የአንድ ጎጃሜ ትዕግሥት ለአማርኛ ሙሉ መጽሐፍ አስገኘለት፤ የጎጃሜው ጎረቤት የሆነው ጋፋትኛ ስምንት ምዕራፍ ይዞ ቀረ። ሁለቱም ልሳናት በዚያ ዘመን እኩል የገበሬ አፍ ነበሩ፤ ከግዕዝ ፊት ሲቆሙ ሁለቱም ያፍሩ ነበር። የለያቸው የቤተ መንግሥት ጉልበት እንደ ሆነ አልክድም፤ ነገር ግን በር ዘግቶ ማክሰኞና ቅዳሜ የሚቀመጥለት ሰው ማግኘትና ማጣትም ለያቸው።

ባለፈው ዓመት ወደ ቡሬ ስመለስ የኔታን በሕይወት አገኘኋቸው፤ ዐይናቸው ግን ደክሞ ነበር። ያሰብሁትን ነገርኋቸው። ልሳን ልብስ ነው ብለውኛል፣ ይሁን አልሁ፤ ነገር ግን በጰራቅሊጦስ ዕለት እግዚአብሔር በባቢሎን የተበተነውን ሲሰበስብ ሰባ ሁለቱን ልሳን ወደ አንድ አላጠፋውም፤ ሰዎቹን ጋፋትኛቸውን እንደ ለበሱ፣ ብዬ ብናገር ይፈቀድልኝ፣ በዚያው ልብሳቸው ጎበኛቸው። ሐዋርያትን የገሊላ አፍ ይዘው እንዲቀሩ፣ ሰሚዎቹን ገሊልኛ እንዲማሩ ማድረግ ይችል አልነበረምን? ልብሱን ያከበረው ራሱ ነው። አባ ሰላማም ወንጌልን ይዘው ሲመጡ፣ ተሰዓቱ ቅዱሳንም ከየአገራቸው ሲገቡ፣ አክሱሞችን ጽርዕ ተማሩ አላሏቸውም፤ ግዕዙን ተማሩና መጽሐፉን አለበሱት። በዚያ ዙፋን ፊት ጋፋትኛ የሚናገር ይኖራል ብዬ አምናለሁ፤ ለእግዚአብሔር የሚጠፋበት የለምና። የጠፋው ከእኛ ነው፤ እዳውም የእኛ ነው።

የኔታ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ኋላም፣ «አያቴ ጥጃ ሲጠሩ የሚሉት አንድ ቃል ነበረ፤ እኛ ልጆች ስንስቅባቸው ተዉት» አሉኝ። ቃሉ ምን እንደ ነበረ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አላስታወሱትም።

አገውኛ ግን አልሞተም። ከቡሬ ጥቂት አልፎ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በቻግኒ ይነገራል፤ በአዊ ዞን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም በፊደላችን ይማሩበታል። ነገር ግን ትምህርት ቤት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያቆይ ከጋፋት መማር ይገባናል። በዚያ አገር ያላችሁ ካህናትና ሰባክያነ ወንጌል፣ ቅዳሴው በግዕዝ ይቀጥል፣ የማንም ክርክር አይደለም፤ ስብከቱን፣ ምክሩን፣ የንስሐውን ጥያቄ፣ የሙታኑን ማጽናኛ ግን እናቲቱ በምትሰማው በአገውኛ አድርጉት። ከቡሬ እስከ ሽንዲ፣ ከማንኩሳ እስከ ፈረስ ቤት ያላችሁ መምህራን ደግሞ፣ ክረምት ሲገባ ተማሪዎቻችሁን ወደየአያቶቻቸው ላኩ፤ የማሳውን ስም፣ የምንጩን፣ የፈፋውን፣ የላሙን፣ የጥጃውን መጥሪያ ሳይቀር፣ ትርጉሙ የማይታወቀውን በተለይ፣ የሚስቅ ልጅ ሳይኖር ሰምተው ይጻፉ። ለዚህ ሥራ ከኦክስፎርድ የሚመጣ ሰው አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል።